ነጩ ለምን ይወይባል? በቤት የሚዘጋጅ የልብስ ሳሙናና የንጣት ጥያቄ

የኦሞ ዋጋ ሲወደድ ብዙ ቤተሰብ የልብስ ሳሙናን በገዛ እጁ ወደ ማዘጋጀት ይዞራል። ከሞራና ከኮስቲክ ሶዳ ደረቅ ሳሙና የሚሠሩ አሉ፤ ከመርካቶ ጥሬ ኬሚካል ገዝተው ፈሳሽ ሳሙና በበርሜል የሚያማስሉ አሉ፤ በገጠር እንዶድ ወቅጦ ማጠቡም ጨርሶ አልቀረም። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ደግሞ እንደ ጎረቤቶቻቸው ደረቅ ሳሙና ፈቅፍቀው ከሶዳና ከቦራክስ ጋር የሚቀላቅሉ አይጠፉም። ዘዴው ይለያይ እንጂ ቅሬታው አንድ ነው። ባለቀለሙ ልብስ ደህና ይጸዳል፤ ነጩ ግን ብዙም ሳይቆይ ይወይባል። ነጠላው ዳለቻ ይሆናል፣ የተማሪው ሸሚዝ አንገቱ ላይ ቢጫ ይይዛል፣ ፎጣው ይሻክራል።

ለዚህ ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት ሳሙና ማብዛት ነው፤ እሱ ካልሠራ በረኪና። ስለ ልብስ አጠባ የሚታወቀውን አንድ ላይ ሰብስቦ ላየው ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ ችግሩን ያብሱታል። ቤት በተሠራ ሳሙና የሚታጠበው ነጭ የሚወይበው በአብዛኛው በአጠባው ጊዜ አዲስ በሚለጠፍበት ነገር ነው። ምን እንደሚለጠፍበት የሚወስነው ደግሞ ውሃው ነው። ስለ ሳሙና አሠራር ብዙ ሲወራ ስለ ውሃው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ጉዳይም እሱ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። ነጭን ነጭ አድርጎ ማቆየት ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃል፦ ወዝና አቧራን ማላቀቅ፣ ሳይላቀቅ የቀረውን እድፍ ቀለሙን ማጥፋት፣ ለዓይን ደግሞ ጨርቁን ማፍካት። ፋብሪካ የሚያወጣው ዱቄት ሦስቱንም በአንድ ከረጢት አሽጎ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1907 የጀርመኑ ሄንከል ፐርሲልን ለገበያ ሲያቀርብ ከሳሙናው ጋር ፐርቦሬት የተባለ፣ ኦክስጅን የሚለቅ ማንጫ ቀላቅሎበት ነበር። በ1946 የአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ታይድን ሲያወጣ ከሞራና ከዘይት የሚሠራውን ሳሙና ትቶ ሰው ሠራሽ ማጽጃን ከፎስፌት ጋር አዋሃደ፤ ፎስፌቱ የውሃውን ካልሲየም ይዞ ከልብሱ ያርቃል። ሦስተኛው ሥራ የመጣው ፓውል ክራይስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1929 ካስተዋለው ነገር ነው። ከሆርስ ቼስትነት ዛፍ በተገኘ ንጥረ ነገር የተነከረ ጨርቅ ነጥቶ ታየው። ንጥረ ነገሩ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። ዛሬ በአብዛኛው ዱቄት ሳሙና ውስጥ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ማፍኪያ አለ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ሳያስፈልግ እንዲጨነቅ ያደረገውን ጉዳይ ያቃልላል። ከሱቅ የተገዛ ነጭ ሸሚዝ ከፋብሪካው ሲወጣ ማፍኪያ ተነክሮ ነው የሚወጣው። በቤት ሠራሽ ሳሙና ሲታጠብ ማፍኪያው ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የሚተካው የለም። ስለዚህ ሸሚዙ ጨርሶ ንጹሕ ሆኖም የደበዘዘ ይመስላል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ሐሰተኛ ብር በሚለይ የሱቅ መብራት ሥር አዲስና አሮጌ ሸሚዝ ጎን ለጎን ይያዙ፤ አዲሱ በሰማያዊ ብርሃን ሲፈካ አሮጌው ይጠቁራል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ገና ከሸማኔው እጅ ሲወጣም ወተት የመሰለ ለስላሳ ንጣት ነው ያለው። የፈትል ጋቢን ከሱቅ አንሶላ ጋር እያስተያዩ ወየበ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቤት በተሠራ ሳሙና ልንጠብቀው የሚገባን የጥጡን የራሱን ንጣት ነው፤ ያንን ማቆየት ደግሞ ይቻላል።

ከእኛ ዘንድ ጥንታዊው መልስ እንዶድ ነው። ሳይበስል በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምራቸው መነሻ ያደረጉት ይኸንኑ ነው፤ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ ልብስ ግን ከዚህ ታሪክ ያልተናነሰ ቁም ነገር አለ። ሳፖኒን እንደ ሳሙና ከውሃው ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ዝቃጭ አይሠራም። የሳሙናን ያህል ቃጠሎም የለውም፤ ስለዚህ ፈትሉን አያሻክርም፣ የጥለቱን ቀለም ቶሎ አያፈታም። አያቶቻችን ኩታቸውን በእንዶድ ሲያጥቡ ባለማወቅ አልነበረም።

ድክመቱም መነገር አለበት። ዘይትና ቅባት ላይ ደካማ ነው፣ የወየበ ነገር አያነጣም፣ ዱቄቱ በሚገባ ካልተጠለለ ፍርፋሪው ራሱ እድፍ ይሆናል። ሲወቀጥ አፍንጫ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቢጠጣ መርዝ ነው። እጣቢው ዓሣ ስለሚገድል ወደ ኩሬና ወደ ጅረት መደፋት የለበትም።

ወደ ሞራው ሳሙና እንለፍ። እዚህ ላይ ነጭ ልብስን የሚጎዳው ስሕተት የሚጀምረው ከድስቱ ነው። አንድ ኪሎ የከብት ሞራ ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 140 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። የገላ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ቆዳ እንዳይደርቅ ብለው ሶዳውን በ5 በመቶ ያህል ይቀንሱታል፤ ያልተለወጠ ጥቂት ስብ በሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ለገላ መልካም ነው። ለነጭ ልብስ ግን በየሳምንቱ ቀጭን ቅባት መቀባት ማለት ነው። ቅባቱ ከአየር ጋር ሲቆይ ይበላሻል፣ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራ ይስባል። የኑግና የሱፍ ዘይት ደግሞ ከሞራ ይልቅ በቶሎ የሚበላሹ ዘይቶች ናቸው። ለነጭ የሚሆን ሳሙና ከሞራ ወይም ከኮኮናት ዘይት ይሠራ፤ ሶዳው በሚዛን ተመዝኖ ያለ ቅናሽ ይግባ፤ ከተቆረጠ በኋላ 4 ሳምንት ያህል አየር ላይ ይቆይ። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ቢገለበጥ ይፈናጠራል። የአልሙኒየም ድስት ሶዳው ስለሚበላው አይሆንም። ልጆችም በአቅራቢያው አይኑሩ።

በደንብ የተሠራ ሳሙና ይዘን ወደ ሳፋው ስንመጣ ውሃው ይጠብቀናል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ውሃ ከባድ ውሃ እንለዋለን። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በውሃ የማይሟሟ፣ የሚያጣብቅ ግራጫ ዝቃጭ ይሆናል፤ በሳፋው ጠርዝ ዙሪያ የሚቀረው ቀለበት እሱ ነው። መጠኑን ሰው ብዙ ጊዜ አይገምተውም። በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም የካልሲየም ካርቦኔት ልክ ከባድነት ያለው ውሃ፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ፣ አንዲት ጭረት ቆሻሻ ሳያስለቅቅ 37 ግራም ገደማ ሳሙና ይበላል። የተበላው ሳሙና አይጠፋም፤ ዝቃጭ ሆኖ ልብሱ ውስጥ ይገባል። ሳሙና ባበዛን ቁጥር ነጩ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ውሃ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ሆድ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ ከተማዋ የምትጠጣው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። መቀሌም የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ለስለስ ያለ ሲሆን ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ይከብዳል። በአንድ ከተማ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ዓይነት ሳሙና አጥበው የአንዷ ነጭ፣ የሌላዋ ዳለቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለባለሙያነታቸው የሚሰጠው ምስጋናና ነቀፌታም ብዙ ጊዜ የቧንቧው ነው።

የራስን ውሃ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሁለት ግልጽ ጠርሙሶች፣ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የዝናብ ውሃ ይሙሉ፤ እኩል ትንሽ የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምረው ይናጡ። የዝናቡ ውሃ ጥርት እንዳለ አረፋው ይቆማል። የቧንቧው ደፍርሶ ነጫጭ ፍርፋሪ የተንሳፈፈበት ከሆነ ውሃዎ ከባድ ነው። በክረምት ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣራ የሚጠራቀም ውሃ ለነጭ ልብስ የሚወዳደረው የለም፤ የዛገ ጣራ ግን ብረት ይዞ ስለሚወርድ ይቅር።

ከባድ ውሃን ለማለስለስ የሚያገለግለው ከኮስቲክ ሶዳ የተለየው ሶዳ አሽ ነው፤ የአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረትበት የቆየ ነው። ከላይ ለተባለው ውሃ በ20 ሊትር አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ግራም፣ ካልሲየሙን ለመያዝ ይበቃል። አብዛኛው የቤት አዘገጃጀት ግን ሶዳውን ከሳሙናውና ከልብሱ ጋር በአንድ ጊዜ ይጨምራል። እንደዚያ ሲሆን ካልሲየሙ በከፊል ከሶዳው በፊት ሳሙናውን ይይዛል፣ የቀረውም ደቃቅ ነጭ አሸዋ ሆኖ በፈትሉ መካከል ይገባና ልብሱን ያደርቀዋል። የሚሻለው ሶዳውን አስቀድሞ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ በትኖ ማሳደር፣ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀድቶ ማጠብ ነው። ትንሽ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ከየትኛውም ማንጫ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ማለቅለቂያው ነው። በለሰለሰ ውሃ በጥንቃቄ አጥበን በከባድ ውሃ ብናለቀልቅ፣ በጨርቁ ውስጥ የቀረው ሳሙና ሁሉ እዚያው ካልሲየም አግኝቶ ዝቃጭ ይሆናል። ብዙ ቤት ነጩ የሚበላሸው በዚህች ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከጠለለው ውሃ ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ ይቆጠብ፤ ልብሱ በሚገባ ይጨመቅ፤ ከዚያ በኋላ የቧንቧው ውሃ ቢመጣ ጉዳቱ ይቀንሳል። ውሃው ጥርት እስኪል ማለቅለቅ የግድ ነው። አቸቶ በመጨረሻው ውሃ ላይ ጠብ ማድረግም የሶዳና የኖራ ቅሪትን ስለሚያሟሟ ይጠቅማል፤ ሳሙናው ሳይወጣ ከተጨመረ ግን አሲዱ ሳሙናውን መልሶ ስብ ያደርገዋልና ልብሱ ቅባት ይይዛል። አቸቶ ይጠቅማል የሚሉትም፣ ያበላሻል የሚሉትም እውነታቸውን ነው፤ ልዩነቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው።

የአሜሪካው የሳሙና፣ የሶዳና የቦራክስ ቅልቅል በዚህ ዓይን ሲታይ ድክመቱ ግልጽ ነው። የተሠራው ከሳሙና ስለሆነ የሳሙናን ችግር ሁሉ ይወርሳል። የዛሬዎቹ ማሽኖች ደግሞ በጥቂት ውሃ ስለሚያለቀልቁ ዝቃጩን አያስወጡም፤ ፎጣው ውሃ መምጠጥ ሲያቆምና ጠረኑ ሲለወጥ ምልክቱ ያ ነው። ቦራክስ የአልካላይነት ልኩን ያረጋጋል እንጂ ያለ ትኩስ ውሃና ያለ ሌላ እገዛ እምብዛም አያነጣም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ለመራባት ጤና ከሚያሰጉ ነገሮች ተርታ መዝግቦታል። በማሽን ለሚያጥብ ሰው ይህን ቅልቅል ለነጭ ልብስ አልመክርም።

በአገራችን በበርሜል የሚማሰለው ፈሳሽ ሳሙና መሠረቱ ሌላ ነው። ሰልፎኒክ አሲድ የሚባለው ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ በኮስቲክ ሶዳ አሲድነቱ ይሰበራል፣ አረፋ ሰጪው ቴክሳፖን ይጨመርበታል፣ በጨው ይወፍራል። ይህ ማጽጃ ከከባድ ውሃ ጋር እንደ ሳሙና ክፉኛ አይጣላም፤ ስለዚህ ለድሬዳዋና ለመቀሌ ነጭ ከሞራው ሳሙና እጅግ ይሻላል። ሁለት ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የሚያወፍረው ጨው ነውና ውፍረቱ የጥራቱ ምስክር አይደለም። ሌላው፣ የለቀቀው ቆሻሻ ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳያርፍ የሚከላከል ነገር ብዙ ጊዜ የለበትም። ለዚህ ሥራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሲኤምሲ የተባለው ዱቄት ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ለነጭ ጥጥ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እሱ ከሌለ መከላከያው ቀላል ነው፦ ነጩን በንጹሕ ውሃ ለብቻው ማስቀደም፣ በቆሸሸ ውሃ ውስጥ አለማሳደር።

አሁን ስለ በረኪና። ጥጥን በእርግጥ ያነጣል፣ ተሐዋስያንም ይገድላል። ነገር ግን ፈትሉን ይበላል፤ ሱፍና ሐር ላይ ቢደርስ ያጠፋቸዋል፤ የሚሳሳብ ክር ያለበትን ጨርቅ ቢጫ ያደርጋል፤ ውሃው ብረት ካለበት የዝገት ነቁጥ ይተዋል። የዝቃጭን ግራጫነት ደግሞ ጨርሶ አያነሳም፤ ያ ቀለም ሳይሆን የተለጠፈ ነገር ነውና። ዝቃጩ የሚለቀው በሙቅ ውሃና በሰው ሠራሽ ማጽጃ ሲዘፈዘፍ ነው። በረኪናና አቸቶ አይገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ከአሞኒያ ጋርም አይቀላቀል፤ ሽንት የነካውን የሕፃን ጨርቅ አስቀድሞ በውሃ ማለቅለቅ ይገባል። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪናን ወይም ሶዳን ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። እባካችሁ በዚያ ጠርሙስ አታስቀምጡ።

ከበረኪና ይልቅ ለጥጥ የሚራራው ኦክስጅን የሚለቀው ማንጫ፣ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ነው። በውሃ ውስጥ ወደ ሶዳ አሽና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈርሳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ስለሚያንቀላፋ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይስጡት። በውጭ ላሉ አንባቢዎች በቀላሉ የሚገኝ ነው። ፀሐይም ማንጫ ናት፤ በደንብ የተለቀለቀ ጋቢ ገና እርጥብ ሳለ በንጹሕ ሣር ላይ ሲሰጣ ቀስ ብሎ ይነጣል።

ነጭን በሰማያዊ ማቅለም የቆየ ዘዴ ነው፤ ቢጫውን ለዓይን ይሸፍናል፣ ሲበዛ ግን ጨርቁን ያጠቁራል። ከሰማያዊዎቹ መካከል የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው የሶዳ ቅሪት ካገኘው ፈርሶ የዝገት ነቁጥ ስለሚሆን፣ ቤት በተሠራ ሳሙና ለሚያጥብ ሰው አይመችም። አልትራማሪን ሶዳን ይችላል፤ አሲድ ግን ያጠፋዋል።

ባለ ጥለት ነጠላና ቀሚስ ከሁሉም የከበደ ፈተና ነው፤ አንድ ጨርቅ ላይ ነጭና ደማቅ ቀለም ጎን ለጎን ተሸምነዋል። የሳባው ክር ቀለም በሙቀትና በሶዳ ይፈታል፣ ከዚያ ነጩን ይይዘዋል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጎ ማየት ይቀድማል። ቀለሙ ከነካው በእንዶድ ወይም በለዘብተኛ ፈሳሽ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዝፉ፣ በፍጥነት አጥቦ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ መስቀል ነው። እርጥብ ነጠላ ታጥፎ አይቀመጥ።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ለስላሳ ውሃ ያለው ሰው በሚዛን በተሠራ የሞራ ሳሙና ነጩን ለዓመታት ማቆየት ይችላል። ከባድ ውሃ ያለው ውሃውን አስቀድሞ ያጥልል፣ ወይም ሰው ሠራሹን ፈሳሽ ይምረጥ። የሽመና ልብስ ያለው እንዶድን አይናቅ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ሳሙና ለምታመርቱ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ በጀሪካኑ ላይ ከሽታውና ከቀለሙ በፊት ከሞራ ይሠራ ከሰልፎኒክ፣ ሲኤምሲ ይኑረው አይኑረው፣ ለከባድ ውሃ ይሁን አይሁን ጻፉበት። አንዲት እናት የልጇን ሸሚዝ በየትኛው ውሃ እንደምታጥበው የምታውቀው እሷ ናት፤ የምትገዛው ሳሙና ምን እንደሆነ ማወቅም መብቷ ነው።